ከሐዲዱ ማዶ ያለው ባህር፦ የባብ ኤል መንደብ ሁለት ጅረቶች ታሪክ

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው፤ ባቡሩን የጠራው ደግሞ ባህር ነው። ከጅቡቲ ወደብ 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ይህች ከተማ ከተቆረቆረች ጀምሮ ጨርቁም፣ ብረቱም፣ ማሽኑም የገባላት በዚያው በር ነው። ከስዊዝ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚመጣ መርከብ ሁሉ የባብ ኤል መንደብን ሰርጥ ማለፍ አለበት። ብዙዎቻችን ያንን ሰርጥ የምናውቀው በንግድና በጦርነት ዜና ነው። ዜናው የማያነሳው ግን ከመርከቦቹ ሆድ በታች ሁለት ጅረቶች ተደራርበው በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚፈስሱ ነው። የላይኛው ወደ ቀይ ባህር ይገባል፤ የታችኛው ከቀይ ባህር ይወጣል። ይህን እንቅስቃሴ የሚያስነሱት ሙቀትና ጨው ናቸው።

ሕጉ ቀላል ነው። ውሃ ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፤ ጨው ሲበዛበትም ይከብዳል። የከበደው ይሰምጣል፤ የቀለለው በላዩ ይተካል። በዓለም ውቅያኖሶች ሁሉ ውሃ ከላይ ወደ ታች ወርዶ፣ በጥልቁ ተጉዞ፣ ተመልሶ የሚወጣው በዚህ የክብደት ልዩነት መነሻነት ነው። ሰዎች ይህን ሕግ አውቀው በባብ ኤል መንደብ ውሃ ላይ ለክተው እስኪያረጋግጡት ድረስ ግን ከ300 ዓመት በላይ ፈጅቷል። የማወጋው ያንን ጉዞ ነው። ዓመቶቹ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰርጡ ሲጠብና ሲዘጋ

የታሪኩ የመጀመሪያ ምዕራፍ የተጻፈው በአፋር ምድር ነው። ከ120 ሺህ ዓመታት በፊት ገደማ የቀይ ባህር ውሃ ዛሬ የዳናክል በረሃ ወደምንለው ዝቅተኛ ስፍራ ዘልቆ ይገባ ነበር። የዚያ ዘመን የባህር ኮራል ድንጋይ ሆኖ እስከ ዛሬ በጠርዞቹ ላይ ይታያል። በኋላ መግቢያው ተዘጋ። የታሰረው ውሃ በፀሐይ ተነነ፤ ጨው ብቻ ቀረ። የአፋር ጨው ቆራጮች በመጥረቢያ እየፈለጡ በግመል የሚያስጭኑት፣ አሞሌ ሆኖ ለዘመናት በአገራችን ገበያ እንደ ገንዘብ ያገለገለው ጨው የዚያ ምድር ሀብት ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሞቃት አገር ላይ ያለ ባህር መውጫና መግቢያው ከተዘጋበት መጨረሻው የጨው ሜዳ መሆን ነው።

ቀይ ባህር ራሱም ለዚህ ዕጣ ተቃርቦ ያውቃል። ከባብ ኤል መንደብ በስተ ሰሜን፣ በሐኒሽ ደሴቶች አካባቢ፣ የባህሩ ወለል ከፍ ብሎ ደፍ ይሠራል። ዛሬ በዚህ ደፍ ላይ ያለው ውሃ ጥልቀቱ 137 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከ20 ሺህ ዓመታት በፊት፣ ሰሜናዊው ዓለም በግግር በረዶ በተሸፈነበት ጊዜ፣ የዓለም ባህሮች ከዛሬው በ120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብለው ነበርና በደፉ ላይ የቀረው ውሃ ስስ ነበር። ትነቱ ግን አልቆመም። የቀይ ባህር ጨው በአንድ ኪሎ ውሃ ከ50 ግራም አለፈ። በውሃው ገጽ የሚንሳፈፉ፣ ዛጎላቸው ወደ ወለሉ የሚዘንብ ደቃቅ ፍጡራን ከአብዛኛው የባህሩ ክፍል ጠፉ፤ ተመራማሪዎችም ይህን ያወቁት ከወለሉ በቱቦ ባወጡት ጭቃ ውስጥ ዛጎሎቹ ተቋርጠው ስላገኟቸው ነው። በረዶው ቀልጦ ባህሩ ሲሞላ ልውውጡ ተጠናከረ፤ ሕይወትም ተመለሰ።

የላዩን ብቻ ያዩ መርከበኞች

በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ከግብፅ የተነሳ አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የቀይ ባህርን ወደቦች በዝርዝር መዝግቧል። አዱሊስን፣ የአካባቢውን ንጉሥ ዞስካሌስን፣ ከአክሱም የሚወርደውን የዝሆን ጥርስ የምናነብበት መዝገብ ይኸው “ፔሪፕለስ” ነው። ስለ ሰርጡም ጽፏል፤ ውሃው እንደሚጣደፍ፣ ከተራሮቹ የሚወርደውም ነፋስ ብርቱ እንደሆነ ያስጠነቅቃል። ለሸራ መርከብ የሚያስፈልገው ይኸው ነበር፤ ከሥር ስለሚሄደው ውሃ የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረውም።

ጥያቄውን በመሣሪያ የመለሰው ሰው የመጣው ከ1,600 ዓመታት በኋላ፣ በሌላ ሰርጥ ላይ ነው። ሉዊጂ ፈርዲናንዶ ማርሲሊ የሚባል የቦሎኛ ወጣት በ1679 ወደ ቁስጥንጥንያ ሄደ። እዚያ ያሉ ዓሣ አጥማጆች በቦስፎረስ ሰርጥ የላዩ ውሃ ወደ ደቡብ ሲነዳ፣ ወደ ጥልቁ የሰደዱት መረብ ግን ወደ ሰሜን እንደሚሳብ ያውቁ ነበር። ማርሲሊ ሰማቸው፤ ሰምቶም አልተወውም። ነጭ የተቀቡ ቡሾችን በገመድ ላይ ደርድሮ ወደ ውሃው ላከ። የላይኞቹ ወደ አንድ ወገን ሄዱ፤ የታችኞቹ ወደ ተቃራኒው ታጠፉ።

ቀጥሎ ያደረገው የበለጠ ነው። ከጥቁር ባህር በኩልና ከሜዲትራኒያን በኩል ውሃ ቀድቶ መዘነ፤ የሜዲትራኒያኑ ጨዋማ ነውና ከበደ። አንድ ሳጥን በመካከሉ ግድግዳ ለሁለት ከፈለና ግድግዳውን ከላይና ከታች በሳው። በአንዱ ወገን ቀለም የተቀላቀለበት ጨዋማ ውሃ፣ በሌላው ቀላሉን ውሃ ሞላ። ቀዳዳዎቹ ሲከፈቱ ባለ ቀለሙ በታችኛው ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ጎረቤቱ ገባ፤ ቀላሉ ደግሞ በላይኛው ተሻግሮ ቦታውን ያዘ። በ1681 ባሳተመው ጽሑፍ የሁለቱ ጅረቶች መነሻ የውሃ ክብደት መሆኑን በማስረጃ አሳየ። ባብ ኤል መንደብም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ ልዩነቱ ቦስፎረስ ላይ ከውስጠኛው ባህር የሚወጣው ቀላሉ ውሃ ሲሆን፣ በእኛ በኩል ከውስጠኛው ባህር የሚወጣው ከባዱ መሆኑ ነው።

ቅዝቃዜው ከየት መጣ?

ማርሲሊ የጨውን ድርሻ አሳየ፤ የቅዝቃዜን ድርሻ ያመለከተው መረጃ የተገኘው ከሰባ ዓመት በኋላ ነው። በ1751 ሄንሪ ኤሊስ የተባለ የእንግሊዝ ካፒቴን በምዕራብ አፍሪካ ትይዩ፣ በሞቃታማው አትላንቲክ ላይ ክዳን ያለው ባልዲና ቴርሞሜትር ወደ ጥልቁ አወረደ። መርከቡ አፍሪካውያንን በባርነት የምታጓጉዝ ነበረችና ይህ እውቀት ከዚያ ግፍ ጋር በአንድ መርከብ ላይ እንደተገኘ መታወስ አለበት። የላዩ ውሃ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ ከ1,200 ሜትር ገደማ የወጣው ከ12 ዲግሪ ያልበለጠ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ሐሩር ምድር እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ውሃ ከየት መጣ?

ለዚህ መልስ የሰጠው ቤንጃሚን ቶምፕሰን፣ በማዕረግ ስሙ ካውንት ራምፎርድ ነው። በ1797 እንዳስረዳው ጨዋማ ውሃ እስኪረጋ ድረስ በቀዘቀዘ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ በዋልታዎቹ የቀዘቀዘው ውሃ ሰምጦ በወለሉ ወደ ምድር ወገብ ይጓዛል፤ በላዩ ደግሞ ሞቃቱ ወደ ዋልታ ይሄዳል። ይህ ሐሳብ በ1870ዎቹ ብርቱ ክርክር አስነሳ። እንግሊዛዊው ዊሊያም ካርፔንተር ውቅያኖስን የሚያንቀሳቅሰው የክብደት ልዩነት ነው አለ፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክሮል ነፋስ ነው ብሎ ሞገተው። ሁለቱም በከፊል ልክ እንደነበሩ ዛሬ እናውቃለን፤ ባብ ኤል መንደብም ሁለቱን አስታርቆ የሚያሳይ ስፍራ ነው።

ሐዲዱና “ፖላ” በአንድ ዘመን

የስዊዝ ካናል በ1869 ተከፈተ። ቀይ ባህር የዓለም አውራ መንገድ ሆነ፤ አጼ ምኒልክም በ1894 (1886 ዓ.ም.) ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ እንዲሠራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ በረሃውን አቋርጦ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ሐረርን ተራራ ላይ ትቶ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ደረሰ፤ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬዳዋ ተቆረቆረች።

በእነዚያው ዓመታት “ፖላ” የምትባል የኦስትሪያ መርከብ ቀይ ባህርን ትለካ ነበር፤ በ1895 እና 96 ሰሜኑን፣ በ1897 እና 98 ደቡቡን። በዘመኑ የነበረው የጥልቅ ባህር ቴርሞሜትር ከተፈለገው ጥልቀት ሲደርስ ይገለበጥ ነበር። ሲገለበጥ የሜርኩሪው ክር ይቆረጣል፤ ወደ ላይ ሲጎተት በሞቃቱ ውሃ ቢያልፍም የታችኛውን ሙቀት እንደያዘ ይወጣል። በቀይ ባህር ጥልቅ የተገኘው ነገር አስደናቂ ነበር። በሌሎች ውቅያኖሶች 2,000 ሜትር ላይ ያለው ውሃ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው። ቀይ ባህር ግን ከጥቂት መቶ ሜትሮች ጀምሮ እስከ ወለሉ ድረስ 22 ዲግሪ ገደማ ነው።

ምክንያቱ ደፉ ነው። የሕንድ ውቅያኖስ ቀዝቃዛ ጥልቅ ውሃ 137 ሜትሩን ደፍ መሻገር አይችልም። ስለዚህ የቀይ ባህርን ጥልቅ የሚሞላው እዚያው የተሠራ ውሃ ነው። ወደ ባህሩ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም፤ ዝናቡም ኢምንት ነው፤ ትነቱ ግን በዓመት 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከኤደን ባህረ ሰላጤ ሲገባ በኪሎ 36 ግራም ተኩል ገደማ ጨው የነበረው ውሃ፣ ሰሜን ሲደርስ ከ40 ግራም ያልፋል። በብርዱ ወራት፣ ማለትም ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ በስዊዝና በአቃባ ባህረ ሰላጤዎች ደረቅና ቀዝቃዛ ነፋስ ሲመታው ይበልጥ ይከብዳል፤ ይሰምጣልም። ከዚያ በኋላ በጥልቁ ወደ ደቡብ ተመልሶ በደፉ ላይ ይፈስሳል። በሁለቱ ውሃዎች መካከል ያለው የክብደት ልዩነት በአንድ ሜትር ኩብ ከ4 ኪሎ በላይ ነው፤ ይህች ልዩነት ግዙፉን ጅረት ታስነሳለች።

ሰርጡ ላይ የወረደው መለኪያ

የታችኛውን ጅረት ሰርጡ ላይ በዝርዝር የለካው ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቬርቼሊ ነው። ጣሊያን ምፅዋንና አሰብን ይዛ በነበረችበት ዘመን፣ በ1924፣ “አሚራሊዮ ማኛጊ” በተባለችው መርከብ ላይ ሆኖ በባብ ኤል መንደብ በየጥልቀቱ የፍሰቱን አቅጣጫና ፍጥነት መዘገበ። ማርሲሊ በቦስፎረስ ያየው ድርብርብ ፍሰት በዚህም አለ።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣችው “ማባሂስ” የግብፅ መርከብ ነበረች። በመስከረም 1933 ከእስክንድርያ ተነስታ ቀይ ባህርንና የሕንድ ውቅያኖስን እስከ 1934 ዞረች። የጉዞው መሪ እንግሊዛዊው ሲሞር ስዌል ቢሆንም መርከበኞቹ በአብዛኛው ግብፃውያን ነበሩ፤ ከተመራማሪዎቹም መካከል ሐኪሙ ሁሴን ፋውዚና ኬሚስቱ አብደል ፈታሕ ሞሐመድ ነበሩበት። ባህሩ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ባህራቸውን በራሳቸው መርከብ ላይ መለካት መጀመራቸው ለአካባቢያችን ትልቅ ነገር ነው። ሌላው የጉዞው ኬሚስት ቶምፕሰን በ1939 ባወጣው ጽሑፍ የሰርጡ ፍሰት በበጋና በክረምት እንደሚለያይ አስረዳ። በባህሩ ደቡባዊ ጫፍ ነፋሱ ከወቅት ወቅት ይዞራል፤ የላይኛውም ውሃ አብሮት ይዞራል። ካርፔንተርና ክሮል የተሟገቱበት ጉዳይ እዚህ መልስ አገኘ፤ ትነትና ቅዝቃዜ ከባዱን ውሃ ይሠራሉ፣ ነፋስ ደግሞ መቼና ምን ያህል እንደሚወጣ ይወስናል።

ሞቆ የማይነሳ ውሃ

በ1948 “አልባትሮስ” የተባለች የስዊድን መርከብ ቀይ ባህርን ስታቋርጥ ከ2,000 ሜትር ገደማ ያወጣችው ውሃ ከሚጠበቀው በላይ የሞቀና ጨዋማ ነበር። ተከታዮቹ ጉዞዎች ምስጢሩን ገለጡት። በ1964 “ዲስከቨሪ” 44 ዲግሪ፣ በ1965 “አትላንቲስ 2” 56 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በጂዳና በፖርት ሱዳን መካከል ባለ የወለል ጉድጓድ ውስጥ አገኙ።

ሞቃት ውሃ ቀላል ነውና መነሳት ነበረበት። አልተነሳም፤ ምክንያቱም በኪሎ 250 ግራም ገደማ ጨው አለበት። ውሃው በወለሉ ሥር በተቀበረ ጥንታዊ የጨው ንጣፍ ውስጥ ሲያልፍ ጨው ያሟሟል፤ ከምድር ውስጥ በሚወጣው ትኩሳትም ይሞቃል፤ ከዚያ በጉድጓዱ ተኝቶ ይቀራል። ሙቀት ወደ ላይ ሲጎትት ጨው ወደ ታች ይጎትታል፤ እዚህ ጨው አሸነፈ። ስለ ሁለቱ ኃይሎች ትግል የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በዓለም ላይ አላውቅም፤ እሱም በእኛው ጎረቤት ባህር ውስጥ ነው።

ይኸው ትግል በዚያው ዘመን አሜሪካዊውን ሄንሪ ስቶመልን ያሳስበው ነበር። በ1961 ባወጣው ጽሑፍ ውቅያኖስን በሁለት የተገናኙ የውሃ ማጠራቀሚያዎች መስሎ አሰላ። ሙቀት ካየለ ዝውውሩ በአንድ መንገድ፣ ጨው ካየለ በሌላ መንገድ ይጸናል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚደረገውም ሽግግር ድንገተኛ ሊሆን ይችላል። ወልተር መንክ ደግሞ በ1966 የሰመጠው ውሃ የሚመለስበትን ፍጥነት ሲያሰላ በቀን 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ አገኘ፤ ለመውጣትም የሚያማስለው ኃይል እንደሚያስፈልገው አሳየ። በ1987 ዋላስ ብሮከር ይህን ሁሉ አገናኝቶ፣ በሰሜን አትላንቲክ የሚሰምጠው ውሃ በጥልቅ ውቅያኖሶች ተጉዞ በላይኛው ውሃ እስኪመለስ ያለውን ዓለም አቀፍ ዑደት ለሰፊው አንባቢ አስተዋወቀ። ዙሩ 1,000 ዓመት ገደማ ይወስዳል።

ከ200 አባዮች በላይ

የሰርጡ ዓመታዊ መጠን የተገኘው በ1995 እና 96 ነው። አሜሪካውያኑ ስቲቨን መሪና ዊሊያም ጆንስ መለኪያዎችን ከወለሉ ጋር በመልሕቅ አስረው ለወራት በባብ ኤል መንደብ ተዉ። በብርዱ ወራት የታችኛው ጅረት በሰከንድ ወደ 600 ሺህ ሜትር ኩብ ይደርሳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እጅግ ይቀንሳል፤ በዚያን ጊዜ ነፋሱ የላዩን ውሃ ከቀይ ባህር ያስወጣል፣ መካከል ላይ ቀዝቀዝ ያለ የኤደን ውሃ ይገባል፣ ከሥር ቀጭን ጨዋማ ጅረት ይወጣል፤ ጅረቶቹ ሦስት ይሆናሉ። የዓመቱ አማካይ በሰከንድ 370 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አባይ ከኢትዮጵያ ሲወጣ በዓመት 50 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይዞ ነው፤ ይህም በሰከንድ 1,600 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ከጅቡቲ አፍንጫ ሥር የሚያልፈው ስውር ጅረት እንግዲህ ከ200 አባዮች በላይ ነው።

በ2001 ኤሚ ባወርና ባልደረቦቿ በሁለት ወቅት ተመልሰው ጅረቱን ከሰርጡ ወዲያ ተከታተሉ። ውሃው በሁለት ጠባብ ሸለቆዎች ተከፍሎ ይወርዳል፤ እየወረደ ከኤደን ውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ በዚህም ጨዋማነቱም ክብደቱም ይቀንሳል። ከፊሉ ወደ ጣጁራ ስምጥ ይገባል። ዋናው ክፍል በመቶዎች በሚቆጠሩ ሜትሮች ጥልቀት ላይ ከአካባቢው ውሃ ጋር ክብደቱ ሲስተካከል መውረዱን ያቆምና ወደ ጎን ይሰራጫል። ጨዋማነቱ ምልክቱ ነውና ተመራማሪዎች በምሥራቅ አፍሪካ ዳር እስከ ሞዛምቢክ ሰርጥና ከዚያም በታች አግኝተውታል።

ተራው የማን ነው?

በ2010 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከአዲስ አበባ በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ መደበኛ ሥራ ሲጀምር የጥንቱ መንገድ ታደሰ። ከተማችንን ከባህሩ ጋር የሚያገናኛት ግን ሐዲድ ብቻ አይደለም። ከቀይ ባህር የሚተነው ንጹህ ውሃ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ወደ ኢትዮጵያ ከፍታዎች ከሚደርሰው የክረምት እርጥበትም ከፊሉ ቀይ ባህርን አቋርጦ ይመጣል። ጨው ብቻ እዚያው ይቀራል፤ የቀረው ጨው ደግሞ ውሃውን ያሰምጠዋል። ትነቱም መስጠሙም የአንድ ሥራ ሁለት ወገን ናቸው፤ የሰርጡም የታችኛው ጅረት የተረፈውን ጨው እያወጣ ባህሩን ከዳናክል ዕጣ ይጠብቀዋል።

ይህን ሁሉ የለኩልን ኦስትሪያውያን፣ ጣሊያኖች፣ ግብፃውያን፣ እንግሊዞች፣ ስዊድናውያንና አሜሪካውያን ናቸው። የኢትዮጵያ ስም በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ይህ ሊያስቆጨን ይገባል። የወደብ አለመኖር ለእውቀት መከልከያ አይደለም። የማርሲሊ ሳጥን በድሬዳዋ ማንኛውም ትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ በጨው፣ በቀለምና በሁለት ቀዳዳ ሊሠራ ይችላል። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከጅቡቲ የሚለየው የባቡር ጉዞ ነው። በቢሾፍቱ ባቦጋያ የሚሠለጥኑ መርከበኞቻችንም ሰርጡን ሲሻገሩ የባህሩን ሙቀትና ጨው መመዝገብ ይችላሉ፤ የሌሎች አገሮች የንግድ መርከቦች ይህን ዓይነት ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል። በዚያ በር እየበላንና እየለበስን ከመቶ ዓመት በላይ ኖረናል፤ በሩ ሥር ምን እንደሚያልፍ የሚለካ መዝገብ መጀመር ከእኛ ይጠበቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ከድሬዳዋ ልጆች እጅ ቢወጡ ደግሞ ባህር ለወለዳት ከተማ የሚገባ ሥራ ይሆናል።